ለእኛ ያልታሰበ ጨዋታ

አንድ ሰው የሠራውን ሥራ ለማን እንደሚሸጥና ለማን እንደማይሸጥ የመወሰን መብት አለውን? ይህን ጥያቄ ቢያቀርቡለት ብዙ ሰው ሳያመነታ «አዎን፣ አለው» ብሎ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሥራው በአንድ አገር ገበያ ከወጣ በኋላ፣ ሠሪው ያላሰበው ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ዋጋውን ከፍሎ ቢያስመጣው በሠሪው ላይ የፈጸመው በደል አለን? ደግሞስ ሠሪው ዕቃው በሌላ አገር እንዳያገለግል አስቀድሞ ቍልፍ ቢያበጅለት፣ ቍልፉን የሚሰብረው ገዢ ጥፋተኛ ነውን? እኛ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የመረጥነው ሊቃውንት የሚከራከሩበትን የመድኃኒት ንግድ ሳይሆን፣ ብዙ ሰው የልጆች መዝናኛ ነው ብሎ የሚንቀውን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የጨዋታው መናቅም ለምርመራችን ይጠቅመናል። ስለ መድኃኒት የሚከራከር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩን ያቀርባል፤ ችግሩም ሰሚውን አሸንፎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ለጨዋታ ሲሆን ግን የሚሞት በሽተኛ ስለሌለ መብትና ግዴታ ብቻቸውን ፊት ለፊት ቆመው ይታያሉ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ መግለጽ ይገባል። (የአገራችንን ዐዋጅ በምናነሣበት ስፍራ ካልሆነ በቀር ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የቪዲዮ ጨዋታ በካሴት ወይም በሲዲ ተቀርጾ፣ ከቴሌቪዥን ጋራ በሚያያዝ ወይም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የሚሠራ ነው። የጃፓኑ የኒንቴንዶ ኩባንያ ፋሚኮም የተባለውን መሣሪያ በአገሩ በ1983 አወጣ፤ በአሜሪካ ግን በ1985 ስሙንም መልኩንም ለውጦ አቀረበው። የጃፓኑ ካሴት 60፣ የአሜሪካው ደግሞ 72 የመገናኛ ጥርሶች ስላሉት አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጨዋታው ዓለም ጃፓን፣ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ በተባሉ ሦስት ታላላቅ ገበያዎች ተከፍሎ ኖረ። በአንዱ የወጣ ሥራ በሌላው ይውጣ ወይም አይውጣ የሚቈርጠው ኩባንያው ነው። የቀረው ዓለም ከነዚህ ከሦስቱ ወደ አንዱ ተጠግቶ የሚተርፈውን ይጠብቃል።

ከነዚህ ሳይሻገሩ ከቀሩት ሥራዎች መካከል «ማዘር 3» የተባለውን እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ደራሲው ሺገሳቶ ኢቶይ ይባላል። የመጀመሪያው «ማዘር» በ1989 በጃፓን ወጣ፤ የእንግሊዝኛው ትርጕምም ከዚያ በኋላ ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ ነገር ግን ሳይሸጥ ተቀምጦ በ2015 ብቻ ለሕዝብ ቀረበ። ሁለተኛው በ1994 በጃፓን፣ በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ወጣ። ሦስተኛው ከ2006 ጀምሮ የጃፓን ብቻ ሆኖ ቀረ። በ2024 ኩባንያው ይህንኑ ሥራ ዛሬ በሚሸጠው መሣሪያ እንደገና ሲያቀርበው እንኳ ያቀረበው ለጃፓን ደንበኞቹ ብቻ ነው። የታሪኩን ይዘት ስናስታውስ አንድ ነገር ያስገርመናል። ገንዘብ የማይታወቅባት፣ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ከጎረቤቱ የሚወስድባትና የራሱን የሚሰጥባት አንዲት መንደር አለች፤ ከዕለታት አንድ ቀን እንግዶች መጥተው ገንዘብን ያስተምሯታል፤ ከዚያ በኋላ መንደሯ የቀድሞዋ አትሆንም። እንዲህ ያለውን ታሪክ የገበያ ስሌት በአንድ አገር ድንበር ውስጥ ዘጋበት ቢባል ምናልባት ደራሲው ራሱ ፈገግ ይል ይሆናል።

እንግዲህ በሌላ አገር የሚኖር ሰው የዚህን ሥራ ዝና ሰምቶ፣ ሥዕሉን ዐይቶ፣ ሙዚቃውን አዳምጦ «ለእናንተ አይሸጥም» ሲባል፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆንበታል። ስለዚህ ከጃፓን ያስመጣል። የጃፓን ገዢ ከከፈለው በላይ የመላኪያና የጉምሩክ ክፍያ ይጨምራል፤ ሳምንታት ይጠብቃል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረሰው ሥራ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ይህን ሰው ጥፋተኛ ለማለት የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ ይህን ነገር ማስታወስ አለበት፤ ከሌሎች ገዢዎች ሁሉ አብዝቶ የከፈለና አሳንሶ ያገኘ እርሱ ነው።

ኩባንያዎቹን ክፉዎች ናቸው ማለት ግን ቀላልና የተሳሳተ ፍርድ ነው። ብዙ ቃል ያለበትን ጨዋታ መተርጐም ታላቅ ወጪ አለው፤ ሥራው ባይሸጥ ኪሳራውን የሚሸከመው ኩባንያው ነው እንጂ «ለምን አላወጣችሁትም» የሚለው ተሟጋች አይደለም። ለአንድ አገር ብቻ የተገዛ የሙዚቃ ፈቃድ ሊኖር ይችላል፤ የአንዱ አገር ሕግ የፈቀደውን የሌላው ይከለክላል። ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ እናገኘዋለን። በ1986 በጃፓን የወጣው ሁለተኛው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ወደ አሜሪካ ያልተላከው ለዚያ አገር ተጫዋቾች እጅግ ይከብዳል ተብሎ ነበር፤ በዚያው ስም ሌላ ጨዋታ ተልኮላቸው እውነተኛውን በ1993 ብቻ አዩት። በዚህን ጊዜ የተለካው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን የሰዎቹ ችሎታ ነው። መምህራን ይህን ነገር በሚገባ ያውቁታል። ትምህርቱ ይከብዳቸዋል ተብሎ ያልተሰጣቸው ተማሪዎች ይከብዳቸው እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ደግሞ የገዢዎች ድምፅ ሲሰማ ስሌቱ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። በ2011 የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች «ኦፕሬሽን ሬይንፎል» የሚል ስም ለራሳቸው ሰጥተው፣ «ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ»ንና ሁለት ሌሎች የጃፓን ሥራዎችን እንዲሸጥላቸው ኒንቴንዶን በደብዳቤ ለመኑ። ዜኖብሌድ በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ለአውሮፓ ወጥቶ ነበርና የትርጕም ወጪ ሰበብ ሊሆን አይችልም ነበር። በሚያዝያ 2012 ለአሜሪካም ወጣ።

አሁን ወደ ቍልፉ እንመለስ። በ1991 በአሜሪካ የተሸጠው «ሱፐር ኒንቴንዶ» ከጃፓኑ ወንድሙ ጋራ በውስጡ እጅግ ተመሳሳይ ነው። የጃፓን ካሴት እንዳይገባበት የሚከለክሉት በካሴቱ ማስገቢያ ውስጥ የቆሙ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጉጦች ናቸው። ባለቤቱ ፒንሳ ይዞ ሁለቱን ጉጦች ቢነቅላቸው መሣሪያው የጃፓኑን ካሴት ተቀብሎ ይሠራል። እኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተነገሩት ብዙ የረቀቁ ክርክሮች ሁሉ እነዚህን ሁለት ጉጦች አብዝተን እንወዳቸዋለን፤ ነገሩን በእጅ የሚዳሰስ ያደርጉታልና። ጉጦቹ ዕቃውን አያጠነክሩም፤ ተጫዋቹን ከአደጋ አይጠብቁም፤ ከስርቆትም አይከላከሉም፤ የሚገባው ካሴት በገንዘብ የተገዛ እውነተኛ ካሴት ነውና። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋጋው ተከፍሎ ከገዢው ቤት ከገባ በኋላ ሻጩ በዚያ ዕቃ ላይ እጁን እንዳኖረ እንዲቈይ ማድረግ ነው። በሬ የሸጠ ገበሬ «በእገሌ ማሳ ላይ እንዳታርስበት» ብሎ በቀንበሩ ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ ገዢው ምልክቱን ለመፋቅ ሽማግሌ የሚጠራ አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቍልፎች በፒንሳ የሚነቀሉ አልነበሩም። በ1994 በጃፓን የወጣው የሶኒ «ፕሌይስቴሽን» ሲዲው የየትኛው ገበያ እንደሆነ ራሱ እያነበበ የሌላውን ገበያ ይመልስ ነበር። ይህን ለማለፍ በመሣሪያው ውስጥ ትንሽ ቺፕ የሚበይዱ ሰዎች ተነሡ፤ ነገሩም ከጓሮ ወጥቶ ከዳኞች ፊት ቀረበ። ቺፑ ከውጭ የመጣውን እውነተኛ ሲዲ እንደሚያስነብብ ሁሉ ተሰርቆ የተባዛውንም ያስነብባል፤ ክርክሩም አስቸጋሪ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 በሶኒና በስቲቨንስ መካከል በነበረው ክስ፣ የመሣሪያው ቍልፍ ማባዛትን የሚከለክል ሳይሆን ከተባዛ በኋላ መጫወትን ብቻ የሚከለክል ስለሆነ ሕጉ የሚጠብቀው ዐይነት ቍልፍ አይደለም ብሎ ለቺፑ ሻጭ ፈረደ። ዳኞቹ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ጨዋታ በአውስትራልያ እንዳይሠራ መደረጉንም ሳያነሡ አላለፉም። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የዚያ አገር ሕግ ቍልፎችን አጥብቆ ሲጠብቅ፣ ገበያን በየአገሩ ለመከፋፈል ብቻ የተሠራውን ቍልፍ ግን ከጥበቃው አወጣው። እንዲህ ያለ ልዩነት በሕግ ላይ ተጽፎ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ስርቆትን የሚከለክል አጥርና ጎረቤትን የሚከለክል አጥር አንድ እንዳልሆኑ ሕግ አውጪው አውቆታልና።

በእንግሊዝ አገር የተፈረደው ግን ሌላ ነው። «ሊክሳንግ» የተባለ የሆንግ ኮንግ መደብር የእስያን ጨዋታዎችና መሣሪያዎች ለዓለም ሁሉ በፖስታ በመላክ የታወቀ ነበር። በታኅሣሥ 2004 በጃፓን የወጣው በእጅ የሚያዘው የሶኒ መሣሪያ አውሮፓ የደረሰው በመስከረም 2005 ነውና፣ በመካከሉ ባሉት ወራት መጠበቅ ያቃታቸው አውሮፓውያን ከሊክሳንግ ይገዙ ነበር። ሶኒ ከሰሰ፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2006 ለሶኒ ፈረደ፤ መደብሩም በዚያው ወር ተዘጋ። መደብሩ ሲሰናበት ከደንበኞቹ መካከል የራሱ የሶኒ የአውሮፓ ሹማምንት ይገኙበት እንደነበረ ተናግሯል። ይህ የተሸናፊ ንግግር ነውና በጥርጣሬ ብንሰማው ይሻላል፤ ሐሰት ቢሆን እንኳ ግን ያለ ችግር የሚታመን ሐሰት ነው።

ሦስተኛው ፍርድ ጨዋታን የሚመለከት ሳይሆን የተማሪን መጽሐፍ የሚመለከት ነው፤ የሐሳቡ ሥር ግን አንድ ስለሆነ እንጠቅሰዋለን። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የተባለ ታይላንዳዊ ተማሪ በአሜሪካ ሲማር፣ አሳታሚው ለእስያ ገበያ በርካሽ ያወጣቸውን መማሪያ መጻሕፍት ዘመዶቹ በታይላንድ እየገዙ ይልኩለት፣ እርሱም በአሜሪካ ይሸጣቸው ነበር። አሳታሚው ጆን ዋይሊ ከሰሰው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በ6 ድምፅ ለ3፣ በውጭ አገር የታተመም ቢሆን ባለመብቱ አንድ ጊዜ ዋጋውን ተቀብሎ የሸጠው ቅጅ የገዢው ነው፤ ገዢው ደግሞ ሊሸጠው ይችላል ሲል ፈረደ። የእኛም ዐዋጅ ለግለሰቡ በር ክፍት አድርጎለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410፣ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ የአንድን ሥራ ቅጅ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ከውጭ ማስገባት እንደሚችል ደንግጓል።

ከዚህ ላይ «ሕግ የፈቀደው ሁሉ በኅሊና ዘንድ መልካም ነውን? ደራሲው ለማን እንደጻፈ እርሱ ያውቃል፤ ያልተጠራ እንግዳ ቢከፍልም እንኳ ያልተጠራ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። በምሥጢር ለወዳጅ የተጻፈ ደብዳቤ ገንዘብ ስለ ተከፈለበት ብቻ የሁሉ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን በገበያ የወጣ ሥራ ደብዳቤ አይደለም። ሠሪው በአደባባይ ዘርግቶታል፤ ከቶኪዮ ሱቅ ገብቶ የሚከፍለውን ሰው ማንነት አይጠይቅም። ለጃፓን ብቻ አወጣሁት ሲል የተናገረው ስለ ገበያ ነው እንጂ ስለ ሰው አይደለም። «በአገራችሁ ሱቅ አልከፍትም» ማለትና «አንተ እንዳታነበው» ማለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያውን ማለት መብቱ ነው፤ ሁለተኛውን ግን አላለም፤ ቢልም የሚያስገድድበት ሥልጣን ከወዴት ያመጣል? መጽሐፈ ሄኖክ ለአውሮፓ አንባቢ ታስቦ በግእዝ አልተቀመጠም፤ ይሁን እንጂ ጄምስ ብሩስ ቅጆቹን ይዞ በ1773 ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በ1821ም በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታተመ። የእኛም አባቶች ከዐረብና ከጽርእ ወደ ግእዝ ሲመልሱ «ይህ ለእናንተ ወጥቷልን?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

የትርጕሙ ነገር ግን ከማስመጣቱ ይልቅ የከበደ ነው። «ማዘር 3»ን ካሴቱን ያስመጣ ሰው በማንኛውም አገር መሣሪያ ሊያሠራው ይችል ነበር፤ ያ መሣሪያ ቍልፍ አልነበረውምና፤ የቀረው ቍልፍ ቋንቋው ነው። ስለዚህ በአሜሪካዊው ተርጓሚ በክላይድ ማንደሊን የሚመራ የወዳጆች ጓድ ጨዋታውን ያለ ክፍያ ተርጕሞ በጥቅምት 2008 አወጣው። ያወጣው ጨዋታውን ሳይሆን የጃፓንኛውን ቃል በእንግሊዝኛ የሚተካውን ክፍል ብቻ ነው፤ ጨዋታውን ግን እያንዳንዱ ከራሱ ማግኘት አለበት። ማንደሊን በ2013 ትርጕሙን ያለ ዋጋ ወስዶ ይጠቀምበት ዘንድ ለኒንቴንዶ አቀረበ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሌቦች ናቸውን? ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ይህ እውነት ነው። የደራሲን ቃል ያለ ፈቃዱ በሌላ ቋንቋ ማናገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢያበላሹት የሚወቀሰው እርሱ ነውና። እኛ ግን ሥራቸውን ከስርቆት ጋራ ለመቍጠር ኅሊናችን እሺ አይለንም። ሌባ ከባለቤቱ ይወስዳል፤ እነርሱ ጨመሩለት። ካሴቱን ገዝቶ በትርጕማቸው የተጫወተ ሰው ዕዳ የለበትም እንላለን። ካሴቱን ሳይገዛ የተባዛውን ወስዶ «ምን ላድርግ፣ አይሸጥልኝም» የሚለውን ግን ከዚህ ሰው ጋራ አናስቀምጠውም። አለመሸጡ ዕቃውን ከሩቅ ለማስመጣት ምክንያት ይሆነዋል እንጂ ዋጋውን ላለመክፈል ምክንያት አይሆነውም፤ ካሴቱ በጃፓን ሱቅ በነበረበት ዘመን በተለይ። ከሱቅ ጠፍቶ አሮጌው ብቻ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ጊዜ፣ ከፋዩ የሚከፍለው ለደራሲው ሳይሆን ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ስለሆነ ክርክሩ ይላላል፤ ይህንንም አንሰውርም።

እስካሁን የተናገርነው ሦስቱ ገበያዎች እርስ በርሳቸው ስለሚከለካከሉት ነው። በእኛ አገር ግን የሚገኘው ጨዋታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የገባ ነው። መሣሪያውም ሲዲውም በነጋዴ ወይም በዘመድ ሻንጣ ይመጣል። በየሰፈሩ ባለው የፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፎ በየጨዋታው እየከፈለ የሚጫወተው ልጅ የያዘው ጆይስቲክ የየትኛው ገበያ እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገው። ሻንጣው ይህን ሁሉ ዘመን አገልግሏል። አሁን ግን ጨዋታው ከሲዲ እየወጣ በኢንተርኔት ከሚገኝ መደብር የሚወርድ ሆኗል፤ መደብሩም በሩ ላይ «አገርህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በግንቦት 2024 «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለው ጨዋታ የሶኒ መደብር ደንበኛነት ይፈለግበታል ስለ ተባለ፣ መደብሩ አገልግሎት በማይሰጥባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮች እንዳይሸጥ ተደረገ። ተጫዋቾች በቍጣ ስለ ተነሡ ኩባንያው ግዴታውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተወው፤ የሽያጩ ክልከላ ግን ወዲያው አልተነሣም። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ መደብሩ ከሚያውቃቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም።

እንዲህ በሆነ ጊዜ ማስመጣት የቀድሞ መልኩን ያጣል። ካሴት ያስመጣ ሰው ማንንም አልዋሸም፤ ስሙንና አገሩን በፖስታው ላይ በግልጥ ጽፎ ነው የተቀበለው። ዛሬ የአዲስ አበባ ወጣት ዋጋውን ለመክፈል ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ የአገሩ ስም በዝርዝሩ ስለሌለ የሌላ አገር ሰው ነኝ ማለት ይኖርበታል። ስርቆት ከመዋሸት ይልቅ የቀለለበት ገበያ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ተባዝቶ የሚሰረቀው አገር አይጠይቅምና። ተማሪ ይህን ነገር ለመምህሩ ቢያማክር መምህሩ ምን ይለዋል? «ውሸት ነውና ተው» ቢለው ወደ ተሰረቀው ሊገፋው ይችላል፤ «ምንም አይደል» ቢለው ደግሞ ፎርም በሐሰት መሙላትን ያስለምደዋል፤ ይህ ልማድ ደግሞ የት እንደሚደርስ ፎርም የሚቀበል ሹም ሁሉ ያውቃል። እኛ ነገሩን እንዲህ እናየዋለን። ሐሰቱ ሐሰት ነው፤ ስሙን አንለውጥለትም። ነገር ግን እውነት ለሚናገር ሰው በር ያልሠራ ሻጭ፣ በሐሰት ከገባው ገዢ ላይ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የመክሰስ ፊት የለውም። ዕዳው ይበልጡን የሻጩ ነው፤ ወጣቱም ከዕዳው የድርሻውን ይወስዳል እንጂ ነጻ አይወጣም።

ችግሩም ለአንድ ቀን አይደለም። በሶኒ መደብር አንድ ጊዜ የተጻፈ አገር አይለወጥም፤ የመክፈያ ካርዱም የሚያገለግለው ለተሸጠበት አገር መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቱ በሜሪላንድ የምትኖረውን አክስቱን ካርድ እንድትገዛለት ይለምናታል፤ እርስዋም ገዝታ ቍጥሩን በስልክ ትልክለታለች። አድራሻ በሚጠየቅበት ስፍራ የእርስዋን ቤት ይጽፋል። የተከፈለው ገንዘብ እውነተኛ ነው፤ የተገዛው ጨዋታ እውነተኛ ነው፤ ቤቱም በተጻፈበት መንገድ ላይ በርግጥ ይገኛል፤ ከተጻፈው ሁሉ እውነት ያልሆነው በዚያ ቤት ማን እንደሚኖር ብቻ ነው።